ስልሳ አንድ በርሜል

የሾላ ገደል መሬት እንዴት እንደሞተ የሚናገሩ ሁለት ወረቀቶች አሉ።

አንደኛው ሃያ ዘጠኝ ገጽ ነው። ያስጻፉት ነዋሪዎቹ ናቸው። እንዲህ ይላል፦ «ከ2026 እስከ 2047 ዓ.ም. ከቀበሌያችን በላይ የነበረው የአሮጌ ባትሪ ማቅለጫ ፋብሪካ ዝቃጩን ወደ ወንዛችን ሲለቅ ኖሯል። ከዚያ በፊት መሬታችን ጤነኛ ነበር። ጤፍ፣ ሽንኩርትና ጌሾ ያበቅል ነበር። ልጆቻችን በባዶ እግራቸው ይሮጡበት ነበር። እኛ በገዛ መሬታችን ላይ የፈጸምነው አንዳችም ጥፋት የለም።»

ሁለተኛው አሥራ አንድ ገጽ ነው። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል በጠበቆቹ በኩል ያስገባው ነው። «ድርጅቱ ዝቃጩን በኩሬ አጠራቅሞ በአግባቡ ያስወግድ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ፀረ ተባይ ይረጫሉ፤ የመድኃኒቱን ጄሪካን አጥበው ውኃ ይቀዱበታል፤ የማዳበሪያ ከረጢትና ፌስታል በየማሳው ይቀብራሉ። መሬቱን የገደሉት ባለቤቶቹ ናቸው።»

ሁለቱም ወረቀቶች ላይ ክብ ማኅተም አለ። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ወንዝ ዳር ያለው ማሳ ሲመረመር የባትሪ እርሳስ ይገኝበታል፤ እርሳሱ የፋብሪካው ነው። ገበሬውም ከልክ በላይ ይረጭ ነበር፤ ጄሪካኑንም ያጥብ ነበር። ሁለቱም የማይመልሱት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ወንዙ ደርሶበት የማያውቀው፣ ከጉርድ ተራራ ሥር ያለው የላይኛው ማሳ ለምን ከታችኛው የባሰ ሆነ?

መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት ነበር። አቶ ልንገረው ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ነው። ሃያ ዘጠኙን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው።

*

በ2078 ዓ.ም. የሾላ ገደል ሰው በቀን አርባ ደቂቃ መሬት መርገጥ ይፈቀድለት ነበር። ደቂቃውን የሚቆጥረው ጫማ ሶል ውስጥ የተሰፋ ምስማር የምታህል ነገር ናት። የተረፈ ደቂቃ ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ስለዚህ ሰው ያጠራቅማል። በአብዛኛው የሚያጠራቅመው ለቀብር ነው። የታመመ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሳምንቱን ሙሉ ከፕላስቲክ በተሠራው የአየር ላይ መተላለፊያ አይወርድም። ጎረቤት አይቶ «እነ እገሌ ደቂቃ መያዝ ጀመሩ» ካለ በሽተኛው እንደማይተርፍ ይታወቃል።

ዶሮዎች በጣራ ክፈፍ ላይ በተንጠለጠለ መረብ ውስጥ ይኖራሉ። መሬት ነክተው አያውቁም። እግራቸው ግን አልረሳም፤ ቀኑን ሙሉ መረቡን ይጭራሉ። ላሞች የአፍ መረብ ታስሮላቸው ይውሉና መረቡ የሚፈታላቸው ገንዳ ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጥሩምባ ይነፋል፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጣራው ላይ ያረፈው አቧራ እስኪታጠብ ይጠብቃል።

የአቶ ልንገረው የልጅ ልጅ ምንትዋብ ባለፈው ዓመት ስታገባ ጥሎሽ የመጣላት አምስት ከረጢት የታሸገ አፈር ነበር። ሚዜዎቹ ከረጢቱን በትከሻቸው ተሸክመው እየጨፈሩ ገቡ። ሽማግሌዎቹ እሽጉን እያገላበጡ ማኅተሙን መረመሩ። ከዚያ ወዲህ ምንትዋብ በአምስት ሳጥን ሽንኩርትና ጎመን ታበቅላለች። ባሏ ሥራው ከተማ ስለሆነ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

የካቲት ውስጥ በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አያትና የልጅ ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ምንትዋብ ከጤና ጣቢያ የሚታደለውን የአምሮት ክኒን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ታንከባልላለች። አፈር ለሚያምራቸው እርጉዞች የተሠራ ክኒን ነው፤ ቀለሙ ቡናማ ነው፤ በቀን ሦስት ይሰጣል።

«አባባ፣ ይሄ ነገር አፈር አፈር አይልም» አለች።

«ታዲያ ምን ምን ይላል?»

«ዝገት።» ክኒኑን መዳፏ ላይ ተፍታ አየችው። «እርስዎ እውነተኛውን ቀምሰው ያውቃሉ አይደል? ዝናብ ሲነካው ምን ምን ይል ነበር?»

አቶ ልንገረው አፋቸውን ከፈቱ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተማሩት ስለ አፈር ነው። ስለ አሲዳማነቱ፣ ስለ ቅንጣቱ፣ ስለ ውኃ አያያዙ አንድ ሰዓት ሊያወሩ ይችላሉ። ጣዕሙን ግን እንዴት አድርገው ይንገሯት?

«ጥሩ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ጥሩማ ሁሉም ሽማግሌ ይላል!» ሳቀች። «ግድ የለም። ሐሙስ አፈሩ ሲመጣ ራሴ እቀምሰዋለሁ። ከዚያ ደግሞ እኔ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ።»

ሐሙስ የተባለው እውነት ነበር። ሾላ ገደል ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ተራ ደርሷል። ሰው ከማይኖርበት ደጋ የተቆረጠ ንጹሕ አፈር በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ የሸለቆው የላይኛው ማሳ ግማሽ ሜትር ተልጦ በአዲሱ አፈር ይሞላል። የቀረው ረቡዕ ጠዋት በአዳራሹ የሚደረገው የምስክር ቃል ብቻ ነው። ምስክሩም አቶ ልንገረው ናቸው።

አሠራሩ ግልጽ ነው። በሌላ እጅ የተበከለ አካባቢ በአንደኛው መዝገብ ይሰፍራል፤ በገዛ እጁ የበከለ በሦስተኛው። የሦስተኛው መዝገብ ወረፋ በዚያ ዓመት አሥራ ስምንት ዓመት ደርሶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ረድኤት የምትባል ወጣት መርማሪ መጥታ ማሳውን ስትለካ ሰንብታ ነበር። ኮሚቴው በተሰበሰበበት ወደ አቶ ልንገረው ዞር ብላ «አባት፣ ወንዝ ሽቅብ አይፈስም። የላይኛውን ማሳ ማን በከለው?» አለቻቸው።

ሰው ሁሉ እሳቸውን አየ። የተማሩት እሳቸው ናቸዋ።

«ነፋስ» አሉ። «የጭስ ማውጫው ብናኝ።»

ረድኤት «ነፋስ» ብላ ጻፈች። አቶ ልንገረው አጠገቧ ስለነበሩ ከቃሉ በኋላ የጥያቄ ምልክት ስታደርግ አዩ።

*

ነገሩ የሆነው የካቲት 2029 ነው። ልንገረው የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነበሩ። ከተቀበሉት ንብረት ውስጥ መጋዘን ሙሉ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ነበር፤ ስልሳ አንድ በርሜል። አንዳንዱ ዝጎ ማንጠብጠብ ጀምሯል። መኪና መጥቶ እንዲያነሳው ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም። ሴቶች «ባዶውን ለውኃ ስጠን» እያሉ ይመላለሱ ነበር፤ ልጆች በመጋዘኑ ግድግዳ ቀዳዳ እየሾለኩ ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን ልጅ ይሞትብኛል የሚል ፍርሃት እንቅልፍ ነሳቸው። በዚህ መሀል በሚቀጥለው ወር ጎብኚ ቡድን ስለሚመጣ መጋዘኑ እንዲጸዳ ትእዛዝ ደረሰ።

ወቅቱ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ነበር። የቀበሌው ሰው በየማለዳው ዶማና አካፋ ይዞ ጉርድ ተራራ ላይ ይወጣል፤ ጎርፍ የሚይዝ ረጃጅም ጉድጓድ ይቆፍራል። በዘመቻው በአሥረኛው ቀን ጠዋት ወጣቱ ባለሙያ ድንጋይ ላይ ቆመው አስረዱ፦ «ይሄ ጉድጓድ ውኃውን ወደ ጎን አይለቀውም። ወደ ታች ያሰርገዋል። ዛሬ የያዛችሁት ውኃ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተራራው ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል።» ሕዝቡ አጨበጨበ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አርባ ሰው መርጠው «የተበላሸ የማሽን ዘይት ነው፤ ከልጆች እናርቀው» አሉ። ሰዎቹ በርሜሎቹን በአጣና እየተሸከሙ አወጡ። ከሰው ቤት የራቀው ከፍተኛ ቦታ የተራራው ጫፍ ነበር። ጉድጓዱ ደግሞ ተቆፍሮ ተዘጋጅቷል። ቀበሯቸው፤ አፈር አለበሷቸው፤ ላዩ ላይ ሣር ተከሉ። እየዘፈኑ ነበር የሚሠሩት።

ልንገረው ለወረዳው የላኩት ሪፖርት አንድ መስመር ነበር፦ «መጋዘኑ በወቅቱ ጸድቷል።» የምስጋና ደብዳቤ መጣላቸው።

ጠዋት ድንጋይ ላይ ቆመው የተናገሩት ሁሉ ደረሰ። በሁለተኛው ዓመት ምንጮቹ ሞሉ።

በመጀመሪያ ንቦች ጠፉ። ቀጥሎ ጥጆች መቆም አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ሕፃናት መሞት ጀመሩ። ሰው ምክንያቱን ሲፈልግ ወደ ላይ ቀና ቢል ፋብሪካው ሲያጨስ ያያል። ሁሉም ጣቱን ወደዚያ ቀሰረ፤ ልንገረውም ቀሰሩ። የእሳቸው ጣት የተማረ ጣት ስለነበር ሌላው ተከተለው። ፋብሪካው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያን ጊዜውኑ ይናገሩ ነበር። ግን ንጹሕ አልነበረም። ጥፋተኛ ላይ የሌላ ሰው ጥፋት መጨመር ቀላል ነው፤ ለማንም አልከበደም። በ2047 ፋብሪካው ሲዘጋ ሕዝቡ ልንገረውን በትከሻው ተሸክሞ ጨፈረ። እሳቸውም ከትከሻው አልወረዱም።

*

ምንትዋብ ክኒኗን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች። አቶ ልንገረው ከዘራቸውን አነሱና ተነሡ።

«ወዴት ነው?»

«ትርንጎ ጋ ደርሼ ልምጣ።»

ወይዘሮ ትርንጎ የአፈር ኮሚቴው ሊቀመንበር ናት፤ ዕድሜዋ አርባ አምስት ቢሆን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዞን ድረስ እየተመላለሰች፣ በር ላይ እየቆመች፣ «ነገ ነይ» እየተባለች የሾላ ገደልን ስም አንደኛው መዝገብ ላይ ያሰፈረችው እሷ ናት። አዳራሹ ውስጥ ለነገው ስብሰባ አግዳሚ ስትደረድር አገኟት። አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ሳያሳጥሩም ሳያስረዝሙም ነገሯት።

መጀመሪያ ሳቀች። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ቀልድ ነው ያመጡት?»

ፊታቸውን አይታ አግዳሚውን ለቀቀችው።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። የተሸከሙትም ዘይት ነው ብለው ነው።»

«ከነሱ ማን አለ?»

«እትዬ ዘውድነሽ ብቻ።»

ትርንጎ በሩን ዘግታ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «እንግዲህ ይስሙኝ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ነገ ቃልዎን ይስጡ። ሐሙስ አፈሩ ይግባ። ዓመት እንታገሥና ሣር ስንተክል ድንገት በርሜል ተገኘ እንላለን። ያን ጊዜ ይወጣል። ማን ይጎዳል?»

«አፈሩ። ያን ጊዜ ምንጩ በሥሩ ገብቶበታል። ከተራራው ምን እንደሚወርድ እኔ አውቃለሁ ትርንጎ።»

«ማወቅማ ያን ጊዜም ያውቁ ነበር!»

ትርንጎ ከተናገረች በኋላ ለራሷም የከበዳት መሰለች፤ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

«ሦስተኛ መዝገብ ማለት አሥራ ስምንት ዓመት ነው ጋሼ። እኔ ስድሳ ሦስት ዓመት ይሞላኛል። እርስዎ አይኖሩም። ስንት ሕፃን በመረብ ውስጥ እንደ ዶሮ ሲያድግ እንደምናይ ያስቡት። አርባ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያሉ ሰው አንድ ቀን መጨመር አቃተዎት?»

ትርንጎ የተናገረችው የሞኝ ነገር አልነበረም፤ እሳቸውም ሞኝነት ነው አላሉም። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

*

ወደ እትዬ ዘውድነሽ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ክረምት ላይ ተሰብሮ አልተጠገነም። አቶ ልንገረው መሬት ላይ ወረዱ። ሶላቸው ውስጥ ያለችው ነገር ጢክ ብላ መቁጠር ጀመረች።

እትዬ ዘውድነሽ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በራቸው ላይ ተቀምጠው ዶሮዎቻቸውን በመረቡ ቀዳዳ ይመግባሉ። የመጣውን ሰው በአረማመዱ ለዩት።

«ልንገረው ነህ? ምነው በእግርህ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም፤ ሰው አልሞተም።» ሳይቀመጡ ጀመሩ። «እትዬ ዘውድነሽ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓ.ም. የካቲት ጉርድ ተራራ ላይ የቀበርነውን በርሜል ያስታውሳሉ?»

«ዘይቱን?»

«ዘይት አልነበረም።»

ዶሮዎቹ መረቡን ይጭራሉ። እትዬ ዘውድነሽ በእጃቸው የቀረውን ጥሬ ጨብጠው ቆዩ።

«ምን ነበር?»

«ፀረ ተባይ። ጊዜው ያለፈበት።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ሰባት በርሜል ተሸክሜአለሁ» አሉ እትዬ ዘውድነሽ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሁሉ ቀስ ብለው። «ከዓለሚቱ ጋር፣ በአጣና። አንዱ አፍስሶ ትከሻዬን ለበለበው። ቀሚሴን በላው። አንተ ደግሞ ‘እትዬ ዘውዴ ጀግና ናት!’ ብለህ አስጨበጨብክልኝ።»

«አዎ።»

«ከዚያ ወዲያ ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። የምንጩን ውኃ አፍልቼ ነበር የማጠጣቸው። አፍሉ ያልከን አንተ ነህ።»

እሱንም ያስታውሱታል። ከቤት ቤት እየዞሩ ነበር ያስተማሩት። ማፍላት መርዙን እንደማያወጣው የተማሩት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው።

«ይቅር እንዲሉኝ አይደለም የመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ? ሸክሙን ልታጋራኝ? አንዴ ተሸክሜልሃለሁ እኮ!»

«ነገ አዳራሽ ውስጥ ልናገር ነው። ከዚያ በፊት ከራሴ አፍ ይስሙት ብዬ ነው።»

እትዬ ዘውድነሽ ጥሬውን ወደ መረቡ በተኑና እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «እዚህ የነገርከኝን አልሰማሁትም። እኔና አንተ በር ላይ የምንጨርሰው ነገር አይደለም። ሰው በተሰበሰበበት ስትናገር እሰማሃለሁ። አሁን ሂድ፤ ደቂቃህን ትጨርሳለህ።»

*

ረቡዕ በሦስት ሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ ሁለት መቶ ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። ረድኤት ከፊት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ዘርግታ በተራ አነበበች። ድምፅዋ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር። የነዋሪዎቹን ስትጨርስ ጭብጨባ፣ የፋብሪካውን ስትጨርስ ፉጨት ተሰማ።

«አቶ ልንገረው፣ የአንደኛውን ወረቀት ቃል ያጸናሉ?»

አቶ ልንገረው ተነሡ። ትርንጎ ከጠረጴዛው ጎን ተቀምጣ እጆቿን ትመለከታለች። ምንትዋብ በሁለተኛው ረድፍ ሆዷን ደግፋ ፈገግ አለችላቸው፤ በአያቷ የምትኮራ ልጅ ናት። «አጸናለሁ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ለዘመናት የለመዱት ቃል ነው።

«አላጸናም» አሉ።

«የላይኛውን ማሳ የበከለው ነፋስ አይደለም። ፋብሪካውም አይደለም። ተራራው ጫፍ ላይ ስልሳ አንድ በርሜል ፀረ ተባይ አለ። ውኃ እንዲያሰርግ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ። ያስቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«ጃጅቷል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ፋብሪካው ገዝቶት ነው!»

«የተዘጋ ፋብሪካ ሰው ይገዛል እንዴ? አንተ ደግሞ!» አለ ሌላው። ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ ግን ሳያልቅ ቆመ።

«አልተሰማኝም።» እትዬ ዘውድነሽ ነበሩ፤ በከዘራቸው ተደግፈው ከመሀል ተነሥተዋል። «በርሜሉን ሰምቻለሁ። ለተሸከሙት ሰዎች ምን ብለሃቸው ነበር?»

«ዘይት ነው ብያቸው ነበር።»

«ዘይት አለመሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጮክ በል። ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«አውቅ ነበር!» አሉ አቶ ልንገረው። «ውኃው ወዴት እንደሚሄድም አውቅ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ራሴ አስተምሬያችኋለሁ።»

እትዬ ዘውድነሽ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ወደ እሳቸው አላዩም። አቶ ልንገረው ከንቀት ይልቅ ጩኸት በመጣ ብለው ተመኙ። ጩኸት አልመጣም። ከፊታቸው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ዐይናቸውን ወደ መሬት፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጣሪያው መለሱ፤ ራቁቱን የቆመ ሽማግሌ ላለማየት እንደሚደረገው። ምንትዋብ ፈገግታዋን ረስታው ፊቷ ላይ ቆይቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ረድኤት ብዕሯን አስቀመጠች።

«እስካሁን የጻፍኩት የለም» አለች። «አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ካልፈረመችበት ይሄ ምስክርነት አይባልም፤ የአንድ ሽማግሌ ንግግር ነው። ያን ጊዜ በቀረው ማስረጃ አንደኛ መዝገብ ላይ ትቆያላችሁ፤ መኪኖቹም ነገ ይገባሉ። ከፈረመችበት ወደ ሦስተኛ መዝገብ ትወርዳላችሁ። በርሜል የማውጣቱ ሥራ ወረፋ የለውም፤ በማግስቱ ይጀመራል። አፈሩ ግን ተራችሁ ሲደርስ ነው።»

ዐይን ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። አንድ ጎልማሳ «አትፈርሚ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ተከተሉት። «ዘጠኝ ዓመት ደክመሽበታል! በአንድ ሰው ጥፋት?» አንዲት ሴት ደግሞ «እሱን ብቻውን ሦስተኛ መዝገብ አስገቡት!» አለች።

አቶ ልንገረው አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ተቀመጡ ያላቸው የለም፤ ራሳቸውም መቀመጥ የሚገባቸው አልመሰላቸውም።

ምንትዋብ እጇን አወጣች። ልትነሣ ስትሞክር ጎረቤቷ ክንዷን ያዘችላት።

«እህቴ» አለች ለረድኤት፣ አያቷን ሳታይ። «በርሜሉ እዚያው ተቀምጦ አዲሱ አፈር ነገ ቢገባ፣ ንጹሕ ሆኖ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

ረድኤት ማኅደሯን ገልጣ የለካችውን አየች። አልቸኮለችም። «አቶ ልንገረው ያሉት ቦታ ላይ ከሆነ፣ አራት ክረምት። ቢበዛ አምስት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያ መሬት ሁለተኛ አፈር አይሰጠውም። አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው።»

«አራት ክረምት» አለች ምንትዋብ። እጇ ሆዷ ላይ ነበር። «ይሄኛው አራት ዓመት ሲሞላው ማለት ነው። መሬት ላይ መጫወት የሚለምድበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ንጹሕ ነው ብለን ጫማውን አውልቀንለት ይሆናል። ማን ይነግረዋል? አንነግረውም እኮ። ዛሬ ዝም ካልን ያን ጊዜም ዝም ነው የምንለው።»

ተቀመጠች። ጎረቤቷ ክንዷን አልለቀቀችውም።

ትርንጎ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን የዘጠኝ ዓመት ወረቀቶቿን ሰብስባ ጠርዛቸውን አስተካከለችና ወደ ጎን ገፋቻቸው። ስትነሣ ወንበሩ ወለሉን ፋቀ። አቶ ልንገረውን አየቻቸው። በአዳራሹ ውስጥ ያያቻቸው እሷ ብቻ ነበረች፤ አስተያየቷ ግን ምሕረት አልነበረበትም፤ ሥራ የተበላሸባት ሰው አስተያየት ነበር።

«ከአቶ ልንገረው ጋር የምንነጋገረው ነገር አለን» አለች። «እሱ ሌላ ቀን ነው። የፋብሪካው እርሳስም በቦታው አለ፤ እሱም ይጻፍ፤ የማንም ጥፋት በማንም አይሸፈን።»

ወደ ረድኤት ዞረች። እጇን ለብዕሩ ዘረጋች።

«ጻፊ» አለች፣ ኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የሾላ ገደል ሰው የአንደኛ መዝገብ ተራውን ለቋል። ነገ ጠዋት ተራራው ይቆፈር።»